በፋይበር የተጠናከረ ፕላስቲክ (የአሠራር ቃላት)

በፋይበር የተጠናከረ ፕላስቲክ ማለት ቀጫጭንና ጠንካራ ክሮች በፕላስቲክ ውስጥ ተቀብረው የሚገኝ ቁስ ነው። ክሩና ፕላስቲኩ ሳይቀላቀሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጠባይ እንደያዙ፣ አንድ ላይ ጭነት ስለሚሸከሙ ቁሱ ኮምፖዚት ወይም ውሁድ ቁስ ይባላል። የጀልባ አካል፣ አንዳንድ የውሃ ታንከሮች፣ የመኪና ፓራውልት፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ እና የዘመናዊ አውሮፕላን አካል ከዚህ ቁስ ይሠራሉ።

ይህ ገጽ ቁሱ በሚሠራበት ጊዜ የሚነሱትን ዋና ዋና ቃላት ያብራራል። ለብዙዎቹ የተረጋገጠ የአማርኛ ስያሜ የለም። ስለዚህ የተለመደ የአማርኛ ቃል ካለ እሱ፣ ከሌለ የውጭው ቃል እንዳለ ተወስዷል። አንባቢን የሚያሳስቱት ግን አዳዲሶቹ ቃላት ሳይሆኑ የምናውቃቸው የሚመስሉን ናቸው፤ በተለይ «ፋይበር»፣ «መድረቅ» እና «ቫኪዩም»። እነዚህን ሦስቱን አሳስቶ መረዳት ዕቃ ያበላሻል፣ አንዳንዴም ሰው ይጎዳል።

ፋይበር እና ማትሪክስ

በአዲስ አበባ ዛሬ «ፋይበር ገባልን» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ኢንተርኔት ነው። ያኛው ፋይበር ብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር ሲሆን እዚህ የምንናገርለት ጭነት የሚሸከም ክር ነው። በኮምፖዚት ሥራ ውስጥም ቢሆን ቃሉ ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንዳንዱ ክሩን ብቻ፣ አንዳንዱ ያለቀውን ዕቃ «ፋይበር» ይለዋል። በእጅ የተሠራ የ«ፋይበር» ዕቃ ግን በክብደት ሲለካ ከግማሽ በላዩ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። በዚህ ገጽ ፋይበር ማለት ክሩ ብቻ ነው። ክሩን አቅፎ የያዘው ፕላስቲክ ማትሪክስ ይባላል፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ኮምፖዚት ይሆናሉ።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኮልፌ 18 ማዞሪያም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የሚታየው የጭቃ ቤት ግድግዳ ኮምፖዚት ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ ከዚያ በማገሩ ላይ ይመረጋል። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ጭድ ብቻውንም ግድግዳ አይሆንም። እዚህ ጭዱ ፋይበር፣ ጭቃው ማትሪክስ ነው። የጅብሰም ሠራተኞች ጅብሰሙ እንዳይሰበር ቃጫ የሚጨምሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በፌሮ የሚሠራው ኮንክሪት «አርማታ» የተባለው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙ «የታጠቀ» እንደማለት ነው። ፕላስቲኩም በክር ሲታጠቅ እንደዚያው ነው።

ማትሪክሱ ማጣበቂያ ብቻ አይደለም። ክር ሲጎተት ይሸከማል፣ ሲገፋ ግን ይታጠፋል። ማትሪክሱ ክሩን በቦታው ስለሚይዘው ሲገፋም እንዳይታጠፍ ያግዘዋል። አንድ ክር ቢበጠስ ጭነቱን ወደ ጎረቤት ክሮች ያስተላልፋል። ከውሃና ከፍግፍጎሽም ይጠብቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በኮምፖዚት የሚሠራው የሚያሳብረው ነገር ካለ ብቻ ነው።

ፕላስቲክ ሁሉ በፋይበር የተጠናከረ አይደለም። በየሰገነቱ የሚታየው «ሮቶ» የሚባለው የውሃ ታንከር ፋይበር የለበትም። ዱቄት ፖሊኤቲሊን በሚሽከረከር ሞልድ ውስጥ ቀልጦ የሚሠራ ነው፤ ስሙም ከዚሁ መሽከርከር ጋር ይሄዳል። የፋይበር ግላስ ታንከርን ለመለየት ያልተቀባ የውስጥ ገጹን ማየት ይበቃል፤ የክሮቹ መስመር ብዙውን ጊዜ ይታያል።

የክር ቃላት

በኮምፖዚት ሥራ አማርኛ ከሁሉ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው፤ የሸማኔ ቃላት አሉትና። በጨርቅ ርዝመት የሚዘረጋው ክር ድር፣ በስፋት የሚገባው ማግ ነው። የመስታወት ወይም የካርቦን ጨርቅ ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ ሸማኔ ከሚጠይቀው አይለይም፤ ድሩ በየት በኩል ነው፣ ማጉ ምን ያህል ጥቅጥቅ ብሏል?

አንዲቱ ነጠላ ክር ፊላመንት ትባላለች። የካርቦን ፊላመንት ውፍረት ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ከሰው ፀጉር እጅግ ትቀጥናለች። ብዙ ሺህ ፊላመንቶች ሳይገመዱ ጎን ለጎን ሲታሰሩ የካርቦኑ ቶው፣ የመስታወቱ ሮቪንግ ይባላል። በካርቦን ጨርቅ ላይ 3 ወይም 12 ከሚለው ቁጥር ጋር የሚጻፈው «ኬ» ሺህ ማለት ነው፤ ባለ 3 ኬ ቶው 3,000 ፊላመንት አለው።

በተሸመነ ጨርቅ ውስጥ ድሩና ማጉ አንዱ በአንዱ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ክሩ ይጎብጣል። የጎበጠ ክር ጭነት ሲመጣ መጀመሪያ ይቃናል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሸከመው፤ ስለዚህ ግትርነቱ ይቀንሳል። ይህን ለማስቀረት ሁሉም ክር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚተኛበት ጨርቅ ይሠራል፤ ማግ የሌለው ድር ማለት ይቻላል። በርዝመቱ እጅግ ጠንካራ ሲሆን በጎኑ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንደ ኮምፔንሳቶ እንጨት አንዱ ንብርብር በ0፣ ሌላው በ90፣ ሌላው በ45 ዲግሪ እየዞረ ይደረደራል። የንብርብሩ ቅደም ተከተል ከመሐል ወደ ላይና ወደ ታች ተመሳሳይ ካልሆነ ዕቃው ከሞልድ ሲወጣ ይጣመማል።

ማት የሚባለው ያልተሸመነ ምንጣፍ ነው። ጥቂት ሴንቲሜትር የሚረዝሙ የመስታወት ክሮች ወደ ሁሉም አቅጣጫ ተበትነው በማያያዣ ይጣበቃሉ። የሚሸጠው በካሬ ሜትር ክብደቱ ሲሆን 300 እና 450 ግራም የተለመዱ ናቸው። አንድ የማይነገር ነገር አለ፤ የብዙዎቹ ማቶች ማያያዣ የሚሟሟው በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው። ኤፖክሲ ስታይሪን ስለሌለው ማያያዣው አይሟሟም፣ ማቱም ደርቆ ይቀራል፣ ከሞልዱ ጥግ ጋር አይታጠፍም። «ኤፖክሲ ይበልጣል» ተብሎ በዚህ ማት ላይ ውድ ኤፖክሲ ማፍሰስ ብዙ ጊዜ የከፋ ዕቃ ይሰጣል።

ቃጫም በዚህ ክፍል ይነሳል። የእንሰትና የሲሳል ቃጫ በመስታወት ክር ፋንታ እንዲገባ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ጥናቶች ተሠርተዋል። ቃጫ ርካሽና ቀላል ነው፤ ችግሩ ውሃ መምጠጡና ከፕላስቲክ ጋር በደንብ አለመያያዙ ነው። ለዚህ የሚደረገው የተለመደ ሕክምና በኮስቲክ ሶዳ ውሃ መዘፍዘፍ ነው። በመስታወት ክር ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ሳይዚንግ የሚባል ስስ ቅብ ሲሆን ክሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ተቀብቶ ይመጣል።

የፋይበር መጠን ሲጠቀስ በክብደት ነው ወይስ በይዘት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመስታወት ክር እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.5 ግራም ገደማ፣ የጠነከረ ፖሊስተር ደግሞ 1.2 ገደማ ነው። ስለዚህ በክብደት 50 በመቶ መስታወት ያለው ዕቃ በይዘት ሲለካ 32 በመቶ ብቻ ነው። የጥንካሬ ስሌት የሚሠራው በይዘቱ ሲሆን ሻጭ ደስ ብሎት የሚናገረው ግን ትልቁን ቁጥር ነው።

ሬዚን እና «መድረቅ»

ሬዚን ማለት ማትሪክሱ ሳይጠነክር በፊት ያለው ፈሳሽ ነው። በብዛት የሚሠራበት ፖሊስተር ነው፤ ቪኒል ኤስተር ውሃንና ኬሚካልን የበለጠ ይቋቋማል፤ ኤፖክሲ የበለጠ ጠንካራና ውድ ነው።

«ሬዚኑ ደረቀ» ማለት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሬዚን አይደርቅም። ጭቃ ይደርቃል፤ ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ መልሰው ቢያርሱት እንደገና ጭቃ ይሆናል። ሬዚን የሚጠነክረው በኬሚካል ውህደት ነው። ትንንሽ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ኮንክሪትም እንዲሁ ነው፤ ግንበኛ ኮንክሪቱን ውሃ የሚያጠጣው እንዳይደርቅ፣ እንዲጠነክር ነው። «ይደርቃል» ብሎ የሚያስብ ሰው ዘግይቶ ሲያየው ፀሐይ ላይ ያወጣዋል ወይም ነፋስ ያስመታዋል። ማጠንከሪያው በተሳሳተ መጠን ከገባ ግን ፀሐይም ነፋስም አያድኑትም።

የማጠንከሪያው ነገር በፖሊስተርና በኤፖክሲ ይለያያል። በፖሊስተር ላይ «ካታሊስት» ተብሎ የሚጨመረው ኤም ኢ ኬ ፒ (ሜቲል ኤቲል ኬቶን ፐርኦክሳይድ) ነው። በኬሚስትሪ ቋንቋ ካታሊስት ሳይሆን ኢኒሺየተር ወይም ጀማሪ ነው፤ ሥራውን ሲሠራ ራሱ ያልቃልና። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲሆን በዚህ ወሰን ውስጥ ከፍ ሲል ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲል ይዘገያል። ኤፖክሲ ላይ የሚጨመረው ሃርድነር ግን ጀማሪ ሳይሆን የመረቡ ግማሽ አካል ነው። አምራቹ በጻፈው ሚዛን ልክ መግባት አለበት። «ቶሎ እንዲይዝልኝ» ብሎ ሃርድነር ያበዛ ሰው የሚያገኘው ፈጣን ሳይሆን ለስላሳ ዕቃ ነው፤ የተረፈው ሃርድነር የሚያያዘው ጥንድ ስለሌለው። በፖሊስተር የለመደ እጅ ኤፖክሲ ላይ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

አክሰለሬተር ኤም ኢ ኬ ፒውን በመደበኛ ሙቀት እንዲሠራ የሚያነቃቃ፣ ብዙውን ጊዜ የኮባልት ውህድ የሆነ ሐምራዊ ፈሳሽ ነው። ብዙ ሬዚኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ተጨምሮባቸው ይመጣሉ። ለየብቻ ከመጣ መጀመሪያ አንዱ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው። አክሰለሬተርና ኤም ኢ ኬ ፒ በቀጥታ ከተገናኙ ይቀጣጠላሉ፣ ይፈነዳሉም። ኤም ኢ ኬ ፒ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ስለሚችል ያለ መነጽር መንካት አይገባም። የስታይሪን ትነትም ራስ ያዞራል፤ የሥራው ቦታ አየር የሚያንሸራሽር መሆን አለበት።

ከተቀላቀለ በኋላ ሬዚኑ በደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይበት የመሥሪያ ጊዜ አለ። ቀጥሎ ይረጋል፤ ወተት ወደ እርጎ እንደሚለወጠው ድንገት መፍሰሱን ያቆማል፤ በውጭው ቃል ጄል ይባላል። ከረጋ በኋላ በብሩሽ መንካት ክሩን ያፈናቅላል እንጂ አይጠቅምም። ከዚያ ይጠነክራል፤ ይህ ኪውሪንግ ነው። በመጨረሻ አንዳንዱ ሬዚን በምድጃ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል፤ ይህ ድኅረ ማጠንከር ነው።

ውህደቱ ሙቀት ያወጣል። በስሱ የተቀባ ሬዚን ሙቀቱን ወደ አየርና ወደ ሞልዱ ይሰጣል፤ በባልዲ ውስጥ የተቀመጠው ግን ራሱን እያሞቀ ይፈጥናል፣ እስኪጨስም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት መበጥበጥ ይመረጣል። በቴክኒክ መግለጫ ላይ የሚጻፈው የመሥሪያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ለ20 ወይም ለ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛል። በቀዝቃዛ አየር የዘገየ ፖሊስተር ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ሊቀር ስለሚችል መፍትሔው ክፍሉንና ሬዚኑን ማሞቅ እንጂ ካታሊስት ከወሰን በላይ መጨመር አይደለም።

የጠነከረ ፖሊስተርና ኤፖክሲ ቴርሞሴት ይባላሉ። ሰም ቢሞቅ ይቀልጣል፣ ቢቀዘቅዝ ይረጋል፣ ደግሞ ይቀልጣል፤ እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ቴርሞፕላስቲክ ነው፤ የሮቶው ፖሊኤቲሊን ከዚህ ወገን ነው። የተቀቀለ እንቁላል ግን ተመልሶ አይቀልጥም። ቴርሞሴት እንደ እንቁላሉ ነው፤ አብዝተው ቢያሞቁት ይከስላል፣ ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም።

ሞልድና የአሠራር ዘዴዎች

ሞልድ የዕቃውን ቅርጽ የሚሰጠው መሣሪያ ነው። ለስላሳው ገጽ በውጭ በኩል ከተፈለገ ዕቃው በጎድጓዳ ሞልድ ውስጥ፣ በውስጥ በኩል ከተፈለገ በጉብታ ሞልድ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ እንዳይጣበቅ ሰም ይቀባል። ቀጥሎ ጄል ኮት የሚባለው ቀለም ያለው ወፍራም ሬዚን ይገባል፤ የዕቃው ፊት እሱ ነው። ከዚያ ክርና ሬዚን በየተራ ይነጠፋሉ።

በብሩሽና በሮለር ብቻ የሚሠራው የእጅ ንጣፍ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ጎድጓዳ ጎድጓዳ መስመር ያለው ብረት ሮለር ሬዚን ለመቀባት ሳይሆን አየር ለማስወጣት ነው። በርጨት ዘዴ መሣሪያው ክሩን እየቆረጠ ከሬዚን ጋር ይተፋል። ቧንቧና ሲሊንደር የሚሠሩት ሬዚን የነካ ክር በሚሽከረከር ግንድ ላይ በመጠቅለል ነው። ዘንጎችና አንግሎች ደግሞ ክሩ በሬዚን ውስጥ አልፎ በጋለ ቀዳዳ ሲሳብ ይወጣሉ።

ለአውሮፕላን የሚውለው በአብዛኛው ፕሪፕሬግ ነው፤ ክሩ በፋብሪካ አስቀድሞ ሬዚን ጠጥቶ፣ በከፊል ረግቶ ይመጣል። እንዳይጠነክር −18 ዲግሪ ገደማ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ከተነጠፈ በኋላ በከረጢት ታሽጎ አውቶክሌቭ በሚባል ሙቀትና ግፊት ያለው ትልቅ ጋን ውስጥ ይጠነክራል።

ቫኪዩም በአዲስ አበባ ከፍታ

አውቶክሌቭ ለሌለው ቤት ሁነኛው ዘዴ የቫኪዩም ከረጢት ነው። ንጣፉ በፕላስቲክ ሽፋን ይታሸግና አየሩ በፓምፕ ይወጣል። «ቫኪዩሙ ይስበዋል» ይባላል እንጂ ቫኪዩም ምንም አይስብም፤ የሚጫነው በውጭ ያለው የከባቢ አየር ነው። ኢንፊዩዥን የሚባለው ዘዴም ከዚህ የሚነሳ ሲሆን ደረቅ ክር ታሽጎ አየሩ ሲወጣ የውጭው ግፊት ሬዚኑን ከባልዲው ወደ ክሩ ይገፋዋል።

ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ ተግባራዊ ትርጉም አለው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ከረጢቱ ምንም አየር ባይቀርበት እንኳ የሚጫነው ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል ማለት ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከመለኪያው ነው። ተራ የቫኪዩም ጌጅ የሚያነበው ከአካባቢው አየር ያለውን ልዩነት ነው። የውጭ መመሪያ «ከ−0.9 ባር በታች አውርድ» ቢል አዲስ አበባ ውስጥ ፍጹም ቫኪዩም እንኳ −0.76 ባር ገደማ ብቻ ያሳያል። ይህን ያላወቀ ተማሪ የማይገኝ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል ወይም ደኅናውን ፓምፕ ተበላሽቷል ይላል። መፍትሔው ከዜሮ ጀምሮ የሚቆጥር የፍጹም ግፊት መለኪያ መጠቀም፣ ወይም የጌጁን ንባብ ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ማነጻጸር ነው። ከረጢቱ የሚያፈስ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ፓምፑን ዘግቶ ጌጁ እንዳለ መቆየቱን ማየት ይበቃል፤ ይህ ፈተና በየትኛውም ከፍታ ይሠራል።

ጉድለቶች

ሬዚን ያልደረሰው ክር ደረቅ ቦታ ይባላል፤ በመስታወት ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በውስጥ የቀረ አየር ባዶ ኪስ ነው። ሬዚን የበዛበት ቦታ ከባድና ተሰባሪ ይሆናል፤ «ሬዚን በበዛ ቁጥር ይጠነክራል» የሚለው ስሕተት ነው። ከሁሉ የከፋው የንብርብር መላቀቅ ነው፤ ንብርብሮቹ በውስጥ ተለያይተው ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ጥንት የሚሠራበት መፈተሻ በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ ማንኳኳት ነው፤ ደኅናው ቦታ ጥርት ያለ፣ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ለትልልቅ ዕቃ በአልትራሳውንድ ይታያል።

በኢትዮጵያ

በአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዱ ሦስት ክንፍ ስላለው 408 የኮምፖዚት ክንፎች ይሆናሉ፤ ሁለቱ ምዕራፎች በአንድነት 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እንዲህ ያሉ ክንፎች በአብዛኛው ከመስታወት ክር የሚሠሩ ሲሆን ሰፋፊው ገጻቸው ሳንድዊች ነው፤ በሁለት ስስ የፋይበር ቆዳዎች መሐል እንደ ባልሳ እንጨት ወይም አረፋ ፕላስቲክ ያለ ቀላል ነገር ይገባል። ቴርሞሴት ስለማይቀልጥ ክንፎቹ ሲያረጁ እንደ ብረት ቀልጠው ሌላ ዕቃ መሆን አይችሉም፤ ይህ በዓለም ዙሪያ ገና ያልተፈታ ጥያቄ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ሲረከብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር፤ በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ350ን ተረከበ። የ787 አካል በክብደት ሲለካ ግማሽ ያህሉ፣ በይዘት ሲለካ 80 በመቶ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ከላይ በክር ቃላት ክፍል ከተጠቀሰው የመጣ ነው፤ ኮምፖዚቱ ከቀሪው ብረት ይቀላል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 የአየር መንገዱ 787 የሆነው ኢቲ-ኤኦፒ በለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ ከኋላ በኩል ጣሪያው ላይ እሳት ተነሳበት። በ2015 የወጣው የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት መነሻውን የአደጋ ጊዜ ምልክት ማሰራጫው የሊቲየም ባትሪ ላይ አገኘው። የባትሪው ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ሙቀቱ በኮምፖዚቱ ውስጥ ያለውን ሬዚን ስላበሰበሰው የሬዚኑ ጋዝ ለእሳቱ ማገዶ ሆነ፤ የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላም እሳቱ ቀስ እያለ መሄዱን ቀጠለ። በአሉሚኒየም አካል ላይ «ማትሪክስ» የሚባል የሚቃጠል ነገር የለም። አውሮፕላኑ የተቃጠለው የጣሪያው ክፍል ተጠግኖ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሥራ ተመልሷል።